ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት

በፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶ ምድሩ መድረቅ ሲጀምር የወረታ ሰው ወሬው ይለወጣል። ክረምቱን በጭቃ ታስሮ የከረመ ሁሉ መንገድ መንገድ ይለዋል። በተለይ ሞተር ያላቸው አገልጋዮች፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች፣ ሥራቸውም ፍላጎታቸውም አስፋልቱ ከሚያልቅበት ማዶ ነው።

በእኛም ቤት ወሬው ይኸው ሆኗል። ባለቤቴና ሁለት የአገልግሎት ባልንጀሮቹ በሦስት ሞተር ከወረታ ተነሥተው በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ዞረው ለመመለስ ያስባሉ። (መካነ ኢየሱስ ስል የእስቴን ከተማ ማለቴ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያኗን አይደለም።) በዚህ መስመር ላይ ሁለትና ሦስት ሆነው የሚጸልዩ፣ ዓመት ሙሉ ጠያቂ የማያገኙ ወገኖች አሉ። ጉዞው ግን ገና በወረቀት ላይ ነው። እኔም የምጽፍላችሁ በወረቀት ላይ ሳለ ነው፤ ጌታ በሉቃስ 14 የተናገረውን የግንብ ሠሪውን ምሳሌ የምታስታውሱ፣ ተቀምጦ መቍጠር ከመነሣት እንደሚቀድም ታውቃላችሁና።

ይህ አገር ጉዞ በማቀድ አዲስ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ ዋልድማየርን የመሳሰሉ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ለዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ሠሩላቸው። ወንጌል ሊያገለግሉ መጥተው መድፍ መሥራታቸው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለዛሬ ይቆየን። ንጉሡ መድፉን ይዘው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ገደሉን እያስቈፈሩ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ፣ መንገዱን እየሠሩ ነበር የሚሄዱት። ዛሬ ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በቻይና ድጋፍ የተሠራ በመሆኑ እስከ አሁን «የቻይና መንገድ» የሚሉት አሉ። የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድም እዚሁ ወረታ ላይ ይገናኘዋል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ዓለምን በሞተር ለመዞር ከአገሩ ተነሥቶ ከሱዳን በመተማ አድርጎ ወደ ጎንደር ገብቷል። ጉዞው አራት ዓመት፣ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ፈጅቶበታል። የእኛዎቹ ያሰቡት ከሳምንት አይበልጥም፤ ሆኖም ሚስትና ልጆች አሏቸው።

ከሜዳው እንጀምር። ፎገራ ሲያዩት እንደ ጠረጴዛ ነው፤ ሞተረኛን በመጣል ግን ከተራራው አያንስም። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የፊት ጎማ እዚያ ውስጥ ከገባ መሪው ከእጅ ያመልጣል። ሲርስ ደግሞ ጭቃው በጎማው ላይ ተጠቅልሎ ከፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቃል፤ ጎማው መዞሩን ያቆማል፤ ሰውየው ወርዶ በእንጨት ይፍቃል፤ መቶ ሜትር ሄዶ እንደገና ይወርዳል። ወደ ናበጋ ወይም ወደ ዋገጠራ በኩል፣ ወደ ጣና ዳር የወረደ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ መንገድና ማሳ አይለይም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ያፈናቀሉት እነዚህ ወንዞች ናቸው። ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ በፊት የሜዳውን መንደሮች በሞተር አዞራለሁ የሚል ሰው ካለ፣ ያ ዕቅድ ሳይሆን ምኞት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥም ቢሆን የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነውና በመንገዱ ላይ በሬ፣ ጭነት የያዘ አህያ፣ የፈሰሰ ገለባ አለ። ገለባ ላይ ፍሬን መያዝ በሳሙና ላይ እንደ መቆም ነው። ለሚያድሩት ደግሞ አጎበር ይጫን፤ ሜዳው የወባ አገር ነው።

ከሜዳው ወደ ዳገቱ ሲወጣ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ፤ ንፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጉና ራሱ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አንድ ሞተር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቍራል፤ ዳገት መሐል ላይ መንተፋተፍ ይጀምራል። ወረታ ላይ ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ጭኖ የበረረ ሞተር ክምር ድንጋይን ሲያልፍ አንድ ሰው ያቅተዋል። መለዋወጫ ካንዴላና መፍቻው፣ ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ የካቴና ማያያዣ ይያዝ። ከሁሉ በላይ ጎማ ፈትቶ መግጠም በቤት ደጅ ሁለት ጊዜ ይለማመዱት፤ ከአስፋልት ከወጡ በኋላ ጎሚስታ አይገኝም። ብርዱንም አትናቁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ደጋው ማለዳ ውርጭ አለው፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ፍሬን በጊዜ አይዝም።

ስለ ቤንዚን አንድ ነገር ልበል። ሻጩ «በ1 ሊትር 40 ኪሎ ሜትር» ብሎ ይሆናል፤ እርሱ የሚናገረው ስለ አስፋልት፣ ስለ ቀላል ሰው ነው። ታንከሩን ሙሉ፤ ጭነቱን ጭናችሁ 50 ኪሎ ሜትር በኮረት መንገድ ሂዱ፤ እንደገና ሙሉና የገባውን ሊትር ቍጠሩ። 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢወጣው አትደንግጡ፤ ስሌታችሁን በዚያ ሥሩ፤ ለመጠባበቂያም ሲሶውን ጨምሩ። በገጠር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን አንዳንዴ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነው፤ በጨርቅ ማጥለል ቆሻሻውን እንጂ ጋዙን አያወጣውም። የያዛችሁት መጠባበቂያ ደግሞ በጥሩ ጀሪካን ይሁን፤ ከማርሚታው ይራቅ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ያለውን ግጭት ሳይጠቅሱ ስለ መንገድ መጻፍ አንባቢን ማታለል ነው። በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር የሰላም ዋስትና አይደለም። ባለቤቴና ባልንጀሮቹ ያወጡትን ደንብ ብነግራችሁ ይሻላል። እያንዳንዱን ቁራሽ መንገድ በዚያው የሚኖር ሰው «ዛሬ ይሄዳል» ካላለ አይነኩትም፤ የትናንት ወሬ አይቆጠርም። በተለይ ከአርብ ገበያ ወደ ወገዳ ያለውን የገደል መንገድ የዚያ አገር ሰው ሳይመራቸው አይሞክሩትም። የሞተር እንቅስቃሴ በሰዓት ወይም በቦታ ተገድቦ እንደ ሆነ በየወረዳው ይጠይቃሉ። (በአዲስ አበባ እንኳ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጓል፤ ከዚያ ሞተሩን ይዤ እመጣለሁ የሚል ወንድም ካለ ያስብበት።) ኬላ ላይ ከሩቅ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ሄልሜታቸውን አውልቀው ፊታቸውን ያሳያሉ። የማንንም ዕቃና ፖስታ አይቀበሉም። ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት ያድራሉ። በዚህ ዘመን በሞተር የሚመጣ እንግዳ በማንም ዓይን ይጠረጠራል፤ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ኢንሹራንስና የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ በላስቲክ ተጠቅልለው ደረት ኪስ ውስጥ ይሁኑ። ስልክም አይታመን፤ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንረሳውም። የመንደሩ ስም፣ የሚያድሩበት ቤት፣ የሰዎቹ ስልክ በወረቀት ተጽፎ አንዱ ቅጂ ከእነርሱ ጋር፣ አንዱ በየሚስቶቻቸው እጅ ይቀመጣል።

እኛ ሚስቶቹም ተሰብስበን ጥያቄዎቻችንን ጻፍን። ይህን ያደረግነው ጉዞውን ለማስቀረት አይደለም። «እግዚአብሔር ይጠብቃል» የሚለው ቃል እኛም የምንኖርበት ነው፤ ለሄልሜት መግዣ ምትክ ሆኖ ሲቀርብ ግን እሺ አንልም። ሄልሜት ማድረግ ሞተረኛን በጭንቅላት ከመጎዳት 69 በመቶ፣ ከሞት 42 በመቶ ገደማ እንደሚያድን ብዙ ጥናቶችን ያገናዘበ ምርምር አሳይቷል። ለሦስት ሰው ሦስት ሄልሜት፣ አገጭ ላይ የሚታሰር፣ ስንጥቅ የሌለበት። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲባል ለጉዞው ከታሰበው የምግብ ወጪ እንዲቀነስ አደረግን፤ በየቤቱ እንጀራ አይታጣምና።

ብዙ የተከራከርንበት ሰው ስለ ማፈናጠጥ ነው። በገጠር መንገድ ለሚሄድ አገልጋይ «አድርሱኝ» ይባላል፤ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፤ ምጥ የያዛት ሴት ልትሆን ትችላለች። አንደኛው ወንድም «ሳምራዊው አህያው ላይ አልጫነምን?» አለን። እውነት ነው፤ ጭኗል። ነገር ግን ሄልሜት የሌለው ሰው፣ ለአንድ ሰው በተነፋ ጎማ፣ በገደል መንገድ ላይ መጫን ሁለት ቁስለኛ ማብዛት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ የተስማማነው ነፍስ ለማዳን ካልሆነ ማንም እንዳይፈናጠጥ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የአንዱ ሞተር ጭነት በሙሉ ወርዶ፣ ሄልሜቱ ለታማሚው ተሰጥቶ፣ በእግር ፍጥነት እንዲሄድ፣ ሌላው ቀድሞ ጤና ጣቢያውን እንዲያስጠነቅቅ። ደንቡ ፍጹም አይደለም። መንገድ ዳር ቆሞ ከመወሰን ግን ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

ሌላው ጥያቄ የልጆቹ ነበር፤ አባታቸው የት እንደሚያድር ማወቅ ፈለጉ። ታላቋ ልጄ ወረቀቱን ገልብጣ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች።

«እንመለስ» የሚለው ቃል የማን ነው? ይህን ሳይወስኑ የሚሄዱ ሰዎች መንገድ ላይ ይጣላሉ፤ ወይም አንዱ አፍሮ ዝም ይላል። ከሦስቱ ማንም፣ ታናሹም ቢሆን፣ «እንመለስ» ካለ ሦስቱም ይመለሳሉ፤ ምክንያቱን እቤት ደርሰው ይነጋገራሉ። አንድ ቀን ሙሉ ወሬያቸው ከጠፋ ማን ለማን እንደሚደውል፣ በሁለተኛው ቀን ማን ወደ ደብረ ታቦር እንደሚሄድ ስሙ ተጽፏል።

የፊታችን ቅዳሜ ሙሉ ጭነት ጭነው ዓለም በር ደርሰው ይመለሳሉ። ጭነቱን ከመነሣታቸው በፊት በእህል ሚዛን እንመዝናለን፤ የወረታው መካኒክ ከ20 ኪሎ አይብለጥ ብሏል፤ ባለቤቴ ግን ካሁኑ መጽሐፎቹን መቀነስ አልቻለም።