ሰው የተኛበትን መኪና ከውጭ አትቆልፉ

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በዚህ የመስከረም ሰሞን ሶዶ መተንፈሻ የላትም፤ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከአርባ ምንጭ ለበዓሉ የሚገባው ሰው መናኸሪያውን ሲያጨናንቀው ያመሻል፤ ተሳፋሪውን ያራገፈው ሚኒባስም ማደሪያ ፍለጋ በየግቢው ይገባል። ቤቴ ከአንዱ የመኪና ማሳደሪያ ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ላሜራ የሚደበደብ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሌባ መስሎኝ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። የግቢው ጥበቃ ቀድመውኝ ከአንድ ሃይሩፍ ሚኒባስ አጠገብ ቆመዋል። የሚደበድበው ሰው ውስጥ ነው ያለው።

ረዳቱ ነበር፤ ቢበዛ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ተንሸራታቹ በር ላይ ከውጭ የተበየደ ማንጠልጠያ አለ፤ በእሱ ላይ ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቁልፉ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ዘመድ ቤት ተኝተዋል፤ ስልካቸው ዝግ ነው። የጋቢናው በሮች የውስጥ መክፈቻ ደግሞ ከተሰበረ ቆይቷል። ልጁ የዳሞታ ተራራን ብርድ ፈርቶ ከመቆለፉ በፊት ከሰል በጣሳ አስገብቶ ነበር፤ ሌሊት ሲበርደው ጨምሮ አያያዘውና መስኮቱን ዘግቶ ተኛ። እኛ ስንደርስ ጩኸቱ እየደከመ ነበር። ጥበቃው ድንጋይ አነሱ። የሾፌሩን በር መስታወት ሰብረን፣ ብብቱን ይዘን ጎትተን አወጣነው። አስመለሰው፤ "ራሴን፣ ራሴን" አለ፤ እግሩ አልጸና አለው። ሐኪም ቤት አድርሰነው ነፍሱ ተረፈች።

ጠዋት ባለቤቱ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሆነውን ሲሰሙ እንባ ተናነቃቸው። "ጋሼ፣ ለምን ከውጭ ቆለፉበት?" አልኳቸው። "ለሱው ብዬ ነው እኮ ልጄ! ሌባ ቢመጣበትስ?" አሉኝ። ያን ጠዋት የምመልሰው ጠፍቶኝ ነበር። ዛሬ ልመልስላቸው።

ተረት፦ ከውጭ የተቆለፈ ጓጉንቸር መኪናውንም፣ ውስጡ የተኛውንም ይጠብቃል

እምነቱ ዝም ብሎ አልመጣም። ሶዶ የመንገድ መገናኛ ናት፤ ከአዲስ አበባ በሆሳዕናም ሆነ በሻሸመኔ የመጣው፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሳውላ፣ ወደ ዳውሮ የሚያልፈው መኪና ሲመሽበት እዚሁ ያድራል። ስኮርታ ጎማ ይሰረቃል፤ ባትሪ ይፈታል፤ ስፖኪዮ ይነቀላል። ለአንድ ሚኒባስ ዕዳ የገባ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

የፋብሪካውን ቁልፍ አለማመኑም ልክ ነው። የመኪና በር ቁልፍ ውስጡ በመደዳ የተደረደሩ ስስ የብረት ሰሌዳዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው በትንሽ ሞላ ተገፍተው ይቆማሉ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ ሰሌዳዎቹን እኩል መስመር ላይ ያስቀምጧቸዋል፤ ያኔ ሲሊንደሩ ይዞራል። ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረ ቁልፍ ግን ሰሌዳዎቹም ጥርሱም ያልቃሉ። ጋራዥ ውስጥ ቆሜ የአንዱን ሃይሩፍ ቁልፍ በሌላው ሃይሩፍ በር ሞክሬዋለሁ፤ ትንሽ ወዝወዝ ሳደርገው እጄ ላይ ዞረ። ባለቤቶቹ ሁለቱም አጠገቤ ነበሩ፤ ሁለቱም ዝም አሉ።

ይህ የኛ ሀገር ጣጣ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሰው ለሽርሽር የሚወጣባቸው፣ አልጋና ምድጃ የተገጠመላቸው መኪኖች አሉ። የብዙዎቹ የዕቃ ሳጥን በር ለዓመታት የተሸጠው ሲኤች 751 በሚባል አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው፤ የአንዱ ባለመኪና ቁልፍ የጎረቤቱንም ይከፍታል። ስለዚህ "ከፋብሪካ የመጣው አይበቃኝም" ማለት ብልህነት ነው። በእኛ ሀገር ግን አልጋ የተገጠመለት መኪና ብርቅ ነው፤ ሰው የሚያድርበት መኪና ሚኒባሱና አይሱዙው ነው፤ አዳሪው ደግሞ ረዳቱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለዕቃ የታሰበው መቆለፊያ ለሰው ሲውል ነው።

እውነታ፦ ሌባውን ብዙም አያስቆመውም፤ የተኛውን ግን ፈጽሞ ያስቆመዋል

መጀመሪያ ሌባውን እንይ። ጓጉንቸር የሚጠነክረው የተያያዘበት ነገር በጠነከረው ልክ ነው። የሚኒባስ በር ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በእሱ ላይ በሁለት ነጥብ የተበየደ ማንጠልጠያ፣ ጓጉንቸሩ የቱንም ያህል ቢገዝፍ፣ በረጅም ብረት ሲፈለቀቅ ላሜራውን ይዞ ይነሳል። ብየዳው ቀለሙን ስላቃጠለው በዝናባችን ሁለት ክረምት ሳይዝ ዙሪያው ይዝጋል፤ ሦስተኛው ክረምት ላይ ማንጠልጠያው በዝገት ላይ ነው የተንጠለጠለው። ደግሞስ ሌባው በር ምን አስመኘው? የጎን መስታወቱ አንድ ምት ሲያገኘው እንደ በቆሎ ይረግፋል። ስኮርታው፣ ስፖኪዮው፣ ብዙ ጊዜም ባትሪው ያለው ከዚያ በር ውጭ ነው።

አሁን ደግሞ የተኛውን እንይ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ነገር ጋር ኦክስጅን ራሱ ከሚጣበቀው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የተኛ ሰው እንቅልፉ ይከብደዋል እንጂ መታፈኑ አይሰማውም፤ ሲነቃም ጉልበቱ ከድቶታል። እንዲህ ላለ ሰው በርና አየር አንድ ናቸው። የተላጠ ሽቦ ተነካክቶ ወንበሩ ቢቀጣጠልም እንዲሁ ነው፤ የወንበር ስፖንጅ ጥቁር ጭስ የመኪናን ሆድ ለመሙላት ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። ዘመድ ቤት ያለ ቁልፍ ያን ጊዜ ከጨረቃ ይርቃል።

ዓለም ይህን በመራር ዋጋ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ትራያንግል በተባለ የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሳ። አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር፤ የተቆለፈበት አንዱ ምክንያት ሠራተኛ ጨርቅ ሰርቆ እንዳይወጣ ነው። 146 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በከተማይቱና በግዛቲቱ የእሳት አደጋ ሕግ ተለወጠ። ሰው ባለበት ሰዓት መውጫ በር አይቆለፍም የሚለው ደንብ የጠነከረው በእንዲህ ዓይነት አስከሬን ላይ ነው። እኛ ያንኑ በር በየሌሊቱ በየግቢው እየቆለፍነው ነው።

የምቆጣው በባለንብረቱ አይደለም፤ እሱ ፈርቶ ነው። የምቆጣው ምክሩን በሚያዛምቱት ነው። ሻይ ቤት ተቀምጦ "እኔ ረዳቴን ከውጭ ነው የምቆልፍበት፤ አንድ ቀን ተሰርቄ አላውቅም" የሚል ሾፌር አለ። አለመሰረቁን ያውቃል፤ ለምን እንዳልተሰረቀ ግን አያውቅም። ከሱ የሚብሰው ማንጠልጠያውን "ውስጡ ሰው ያድራል ወይ?" ብሎ ሳይጠይቅ የሚበይደው ባለሙያ ነው። አንዳንዶች ደግሞ ሌላ ሐሳብ አላቸው፤ ረዳቱ ሌሊት እንዳይጠፋ፣ ዕቃ እንዳያወጣ ይቆልፉበታል። የማታምነውን ልጅ ንብረትህን እንዲጠብቅ አታስቀምጠው። ያስቀመጥከውን ደግሞ እንደ ዕቃ አትቆልፍበት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መጀመሪያ የራሱን የመኪናውን ቁልፍ አድኑት። ያለቀ ሲሊንደር ይለወጣል። ተንሸራታቹ በር አልገጥም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመንሸራተቻው ኩሽኔታ ማለቁ ወይም የመያዣው ቦታ መዛባቱ ነው፤ ይህ ሲስተካከል በሩ ጥርሱን ነክሶ ይዘጋል። የጋቢናውን የውስጥ መክፈቻ ለነገ አታሳድሩት። ያ ልጅ የተያዘው በጓጉንቸሩ ብቻ አልነበረም፤ ማንም ባልጠገናት በዚያች ትንሽ ፕላስቲክም ጭምር ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው የሚያድርበት መኪና ላይ መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሁን። በእጅ ብቻ ተስቦ የሚከፈት፣ ቁልፍ የማይፈልግ፣ መስታወት ሰብሮ እጁን የሚያስገባ ሌባ የማይደርስበት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የተገጠመ መሆን አለበት። በብየዳ ሳይሆን በቡሎን ይታሰር፤ ከላሜራው ጀርባ ወፈር ያለ ብረት ይደረግና ዳዶው በዚያ ላይ ይጥበቅ። ያኔ የሚጎትተው ኃይል በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በሰፊው ላይ ያርፋል። የግድ መበየድ ካለበት አስቀድሞ የባትሪው ነጋቲቭ ይፈታ፤ ከበስተጀርባ ያለው ስፖንጅና ፕላስቲክም ይነሳ።

ሦስተኛ፣ የውጭ ጓጉንቸር ከወደዳችሁ መኪናው ባዶ ሲሆን ብቻ ተጠቀሙበት። ስኮርታውን በሰንሰለት እሰሩ፤ የባትሪውን ሳጥን ለብቻው ቆልፉ። ሌባ የሚፈልገው እነሱን ነው።

አራተኛ፣ በብዙ ሚኒባሶች የተንሸራታቹ በር ጠርዝ ላይ ለሕፃናት የተሠራች ትንሽ ማጠፊያ አለች፤ አንዴ ከዞረች በሩ ከውስጥ አይከፈትም። በስንቱ መኪና ላይ ማንም ሳያውቅ ዞራ ኖራለች! ዛሬውኑ እዩዋት።

ረዳት መኪና ውስጥ ማደሩ ራሱ ይቅር ወይ? ልቤ ይቅር ይላል። ብዙዎቹ ልጆች ግን ከዚያ የተሻለ ማደሪያ የላቸውም፤ የአልጋ ገንዘብም አይሰጣቸውም። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ለራሴ አልቋጨሁትም። እስኪቋጭ ድረስ ግን ብርድ ልብስ ግዙላቸው፤ ከሰልም አይግባ።

ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ እንያቸው

ተረት፦ መስኮት ገርበብ ካለ ከሰል አይጎዳም። እውነታ፦ ይጎዳል። ጠባብ ክፍተት ጋዙ ከሚመረትበት ፍጥነት ጋር አይወዳደርም፤ ሲነጋጋ ብርዱ ሲጠነክር ደግሞ ያችኑ ገርበብታ የተኛው ራሱ ይዘጋታል። ሞተር አስነስቶ ለሙቀት መተኛትም ያው ነው፤ የተበሳ ማርሚታ ጋዙን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል።

ተረት፦ ትልቅ ጓጉንቸር ጠንካራ ጓጉንቸር ነው። እውነታ፦ የሚቆረጠው ቀለበቱ ነው። ሆዱ ገዝፎ ቀለበቱ ለስላሳ ብረት ከሆነ በሴጌቶ ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። ሲገዙ ቀለበቱ እሳት ያጠነከረው መሆኑን ይጠይቁ፤ አጭርና በአካሉ የተከለለ ቢሆን ይመረጣል። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ርካሽ ጓጉንቸሮችን ቁልፍም አለዋውጠው ይሞክሩ።

ተረት፦ ቁልፍ ሲጠጥር የሞተር ዘይት ጠብ ማድረግ ነው። እውነታ፦ ለጊዜው ይለሰልሳል፤ ከዚያ የበጋውን ቀይ አቧራ ይሰበስብና ሰሌዳዎቹን ያጣብቃቸዋል። ደረቅ ግራፋይት ይሻላል። ከጠፋ የእርሳስን ጥቁር ፈጭቶ ቁልፉ ጥርስ ላይ ነስንሶ ደጋግሞ ማስገባት ይሠራል።

ተረት፦ ሪሞቱ ከተጫነ መኪናው ተቆልፏል። እውነታ፦ ባትሪው የደከመ ሪሞት፣ የተበላሸ የበር ሞተር፣ አንዳንዴም የሪሞቱን ሞገድ ሆን ብሎ የሚያውክ ሌባ አለ። እጀታውን በእጅዎ ስበው ሳያረጋግጡ አይሂዱ።

ተረት፦ ጥበቃ ካለ ቁልፍ አያስፈልግም። እውነታ፦ አንድ ሰው አሥራ አምስት መኪና በአንድ ዓይን አያይም። ያን ሌሊት ልጁን ያዳኑት ግን ጥበቃው ናቸው። ስለዚህ ውስጥ ሰው እንዳለ ሁልጊዜ ይንገሯቸው፤ ስልክዎንም ይስጧቸው፤ ስልኩንም አይዝጉት።

አያቶቻችን በገጠር ቤት መወርወሪያ ያደርጉ ነበር። ወፍራም እንጨት በበሩ ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ይጋደማል። ጅብም ሌባም ይመልስ ነበር፤ ቤቱ እሳት ቢነሳበት ግን ውስጥ ያለው ሰው ያለ ቁልፍ ገፍቶ ይጥለዋል፤ እንጨቱ ያለው ከተኙት ጋር ነውና።

ጋሼ፣ ያን ጠዋት ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ለሌባውም ለልጁም የሚበጀው ልጁ ራሱ ከውስጥ የሚቀረቅረው በር ነው። ካላመኑኝ ዛሬ ማታ እርስዎ ራስዎ ይግቡበት። መብራት ይጥፋ፤ ረዳትዎ ሁልጊዜ እንደሚቆለፍበት አድርጎ ከውጭ ይቆልፍብዎ፤ ቁልፉን ይዞ እስከ መናኸሪያው ይሂድ። ከዚያ በዚያ ጨለማ ውስጥ ለመውጣት ይሞክሩ። እርስዎ መውጣት ካቃተዎት ልጁም አይወጣም።