ከሬሳ ውስጥ የሚገኝ ምስክርነት

በድንገት የሞተን ሰው ሐኪሙ ከፍቶ ሲመረምረው፣ ቍስልም ሆነ ስብራት የማያገኝበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ደሙና ሽንቱ፣ የጉበቱም ቍራጭ፣ በታሸገ ዕቃ ሆኖ፣ የተቀበለው ሁሉ እየፈረመበት ወደ መርዝ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ይላካል።

ይህ መርዝን የመመርመር ጥበብ ኃይሉን አጕልቶ ያሳየው በቤልጅግ አገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1850 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ከመኳንንት ወገን የሆነው ቦካርሜ የሚስቱን ወንድም ጉስታቭ ፉኚን ራሱ ከትንባሆ ባወጣው ኒኮቲን ገድሎ፣ ምልክቱ እንዳይታወቅ በሬሳው ላይ ኮምጣጤ አፈሰሰበት፤ በዚያ ዘመን የዕፀዋትን መርዝ ከሬሳ ለይቶ ማውጫ መንገድ ገና አልታወቀም ነበርና፣ ክፋቱ ተሰውሮ የሚቀር መስሎታል። ነገር ግን ዣን ስታስ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ የሟቹን ሆድ ዕቃ በአልኮልና በኤተር ደጋግሞ እየመረመረ ኒኮቲኑን ለይቶ አወጣ፤ ቦካርሜም በ1851 ዓ.ም. በሞንስ ከተማ አንገቱን ተቀላ።

ዛሬ እጅግ ረቂቅ መሣሪያዎች ቢኖሩም፣ መርዝ ወይም መድኃኒት መገኘቱ ብቻውን የሞትን ምክንያት አያስረዳም። መጠኑ ይመዘናል፤ ሟቹ መድኃኒቱን የለመደው እንደ ሆነም ይጠየቃል፤ ከሞት በኋላም መድኃኒት ከውስጥ አካላት ወደ ልብ ደም ስለሚፈልስ፣ ደሙን ከጭን የደም ሥር መቅዳት ይመረጣል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ግን፣ ያላገኘውን «አልተገኘም» ብሎ በእውነት የሚጽፈውን መርማሪ ነው፤ በሐሰት የተጠረጠረ ሰው ከወህኒ የሚድነው በዚያ ቃል ነውና።