ያውቁ ኖሯል? ከሱዳን በስውር የገቡት የሕግ ሊቅ
ጎጃም በፋሺስት ኢጣልያ ተይዞ ሳለ፣ የአርበኞቹን ሁኔታ በዐይናቸው ተመልክተው ለስደተኛው ንጉሠ ነገሥት ያስረዱ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማብቂያ ከሱዳን በስውር የገቡት መልእክተኛ፣ ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ታእዛዝ፣ የሕግ ሊቅ እንደ ነበሩ ያውቁ ኖሯል? እኒህ ሰው በኢጣልያ ቅኝ ግዛት በኤርትራ፣ በአካለ ጉዛይ ተወልደው፣ አውራጃቸውን ትተው ወደ ኢትዮጵያ የፈለሱና በፈረንሳይ አገር፣ በሞንፔልዬ ሕግ የተማሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 የኢጣልያ ጋዜጠኞች፣ ሥነ ምግባርን ረስተው በፉጨት ባወኩት በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ከኢትዮጵያ ልዑካን አንዱ እሳቸው ነበሩ። ከነጻነት በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ኋላም በሞስኮ የመንግሥት እንደራሴ ሆነው አገልግለው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በስቶክሆልም ዐረፉ።