ከክራር እስከ ካሜራ

ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ማቲ ሲኒማ፣ ወይም ቦሌ መንገድ ላይ ዓለም ሲኒማ ገብታችሁ የአማርኛ ፊልም ያያችሁ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናት ወይም አባት ሆነው የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋንያን አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፃቸው ከወጣቶቹ ለምን እንደሚለይ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ቃሉን አይውጡትም። እስከ መጨረሻዋ ፊደል ይጠሩታል። ትንፋሻቸው አረፍተ ነገሩ መሃል ላይ አያልቅባቸውም፤ ዝም ሲሉ እንኳ ዝምታቸው ልክ አለው። ዘፈን የሚችል ሰው አነጋገር ነው። ብዙዎቹ ደግሞ በእርግጥም ዘፋኞች ነበሩ፤ አለዚያም ከዘፋኞች ጋር በአንድ መጋረጃ ጀርባ ተራ ሲጠብቁ ነው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት።

ያ ድምፅ የተሠራው ቦሌ አይደለም። የከተማችን ትልልቅ የቴአትር ቤቶች ሁሉም ከቦሌ ወደ ምዕራብ ናቸው፦ ሀገር ፍቅር ፒያሳ፣ ብሔራዊ ለገሃር አካባቢ፣ ማዘጋጃ ቤት ከፍ ብሎ፣ ራስ ቴአትር ወደ መርካቶ በኩል። ቦሌ ገና ሜዳ በነበረበት፣ አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ ልደታ በነበረበት ዘመን እዚያ መድረክ ላይ ይዘፈን፣ ይተወን ነበር። ምሥራቁ የስክሪኑ ሰፈር የሆነው በጣም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በመድረክ እየዘፈነ የሚተውን፣ ከዚያም ወደ ስክሪን የሚሻገር ሰው ሕይወት ምን እንደሚመስል ለማየት ከቦሌ ተነስተን ወደ ኋላም ወደ ምዕራብም መሄድ አለብን። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጁ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ለንደንና ኒውዮርክ ላይ ሙዚቃዊ ተውኔት ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ታሪኩ በዘፈን ይሄዳል፤ ተዋናዩ ይዘፍናል፣ ይደንሳል፣ ይተውናል፤ ለዚያም ለብቻው ይሠለጥናል። እኛ ጋ ነገሩ የተወለደው በሌላ መንገድ ነው። ዘርፉ ለብቻው ሳይቋቋም ሰዎቹ ቀድመው ተገኙ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተወልድ አስተባባሪነት ማኅበር ሆኖ ሲመሠረት ዓላማው ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ሕዝቡን መቀስቀስ ነበር። ንግግር ነበረ፣ ፉከራ ነበረ፣ ዘፈን ነበረ። ከነፃነት በኋላ ቤቱ ቴአትር ቤት ሲሆንም ያ ድብልቅ አልተለወጠም። አንድ ምሽት ዘፈን፣ አጭር ተውኔት፣ ውዝዋዜ፣ እንደገና ዘፈን። እዚያ ቤት ብዙ የደከሙት ኢዮኤል ዮሐንስ ተውኔትም ዜማም ይደርሱ ነበር። በእንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ የተቀጠረ ሰው «እኔ ትወና ብቻ ነው የምችለው» ቢል ግማሹን ምሽት ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ ነው።

ታዲያ በዚያ መድረክ ላይ የጎደለ ነገር ነበር፦ ሴት። ለሕዝብ መዝፈንና መጫወት ከአዝማሪነት ጋር ተቆራኝቶ ስለሚናቅ፣ ቤተሰብ ልጁን ለመድረክ አይሰጥም። ተውኔቱ ግን ሙሽራ ይፈልጋል፣ እናት ይፈልጋል፣ የተከዳች ሚስት ይፈልጋል። ስለዚህ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው ሴቶቹን ይጫወቱ ነበር። ከእነዚያ ወንዶች ስመ ጥሩ ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው፤ አዎ፣ የእኛው አባባ ተስፋዬ። በ1915 ዓ.ም. ባሌ የተወለዱት እኚህ ሰው ተዋናይ፣ ዘፋኝ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋች፣ ቀልደኛና ምትሐተኛ ነበሩ። ለቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን መዝናኛ ለማቅረብ ኮርያ ድረስ ዘምተዋል። እስቲ አስቡት፦ ሴት ሆኖ መጫወት ማለት ድምፅን አቅጥኖ መናገር ብቻ አይደለም። አረማመድ አለ፣ የእጅ አያያዝ አለ፣ ነጠላ አጣጣል አለ፣ የሳቅ አወጣጥ አለ። ተመልካቹ ወንድ መሆናቸውን እያወቀ ለሴቲቱ እንዲያለቅስ ማድረግ አለባቸው። እኔ እንደማስበው በኋላ በቴሌቪዥን ጦጣውንም አያ ጅቦንም ንጉሡንም በአንድ አፍ ሲያናግሩ ያየነው ችሎታ ያኔ የተሳለ ነው።

ወንዶቹን ከዚያ ቀሚስ ካሳረፏቸው ሴቶች ፊተኛዋ ደግሞ ክራር ይዛ መጣች። አስናቀች ወርቁ አዲስ አበባ የተወለደች፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት የመድረክ ተዋናይ ተብላ የምትጠራ ናት። በ1940ዎቹ አጋማሽ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ተውኔት መድረክ ላይ ወጣች። ይህን ዛሬ ላይ ሆኖ ቀላል ነገር ማድረግ አይገባም። ክራር የምትመታ ሴት ያን ጊዜ የምትታወቀው በመሸታ ቤት ነው። አስናቀች ያንን ስም ተሸክማ፣ ሳታፍርበትም፣ መኳንንት ፊት ለፊት በሚቀመጡበት አዳራሽ ቆመች። አለባበሷ፣ ጌጧ፣ ዓይኗ ሁሉ ይወራ ነበር። የሚገርመኝ ግን ውበቷ ብዙ ተነግሮለት የእጇና የአፏ ሥራ ጥቂት መነገሩ ነው።

ስለዚያ ሥራ ልንገራችሁ። ክራር አምስት ወይም ስድስት ጅማት ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ደረት ላይ ወይም ጭን ላይ ትደገፋለች። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝት ይገባባታል። ክራር ተጫዋች ከኋላዋ ኦርኬስትራ የላትም፤ ራሷን አጅባ፣ ራሷ ታዜማለች። ለተዋናይ ከዚህ የሚበልጥ ነፃነት የለም። ማዘግየት ስትፈልግ ታዘገያለች፤ አንድ ስንኝ ላይ ቆማ የሰሚውን ፊት አይታ የስንኙ ወርቅ፣ ማለትም ስውሩ ትርጉም፣ እስኪገለጥለት ትጠብቃለች። አስናቀች ዜማውን ስታዜም የምታጫውታችሁ ይመስላችኋል። አንዱን መስመር ታቀብጠዋለች፣ የሚቀጥለውን ትቆጣዋለች፣ ሦስተኛውን እንደ ምሥጢር በጆሯችሁ ትነግራችኋለች። ከአንዲት ሴት ጉሮሮ ሦስት ገፀ ባሕርይ ይወጣል። ትወናዋን ከዘፈኗ ለይቶ ማስቀመጥ ያልተቻለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከሙዚቀኞቹ ከኃይሉ መርጊያና ከተማረ ሐረጉ ጋር የቀዳችው አልበም ይህንን ሁሉ ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና ታትሞ ስለወጣ ማግኘት አይቸግራችሁም። «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበምም 16ኛውን ሙሉ ለሙሉ ለእሷ ሰጥቷል።

በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ ተከፈተ። መክፈቻው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ከ1000 ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ ማለት ለተዋናዩ ሌላ ሕይወት ነው። ቤቱ የራሱ ዘመናዊ ኦርኬስትራ፣ የራሱ የባህል ሙዚቃ ክፍል፣ የራሱ ተወዛዋዦች ነበሩት። ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሳሰሉ የሙዚቃ ሰዎች እዚያ ሠርተዋል። ተዋናዩ ኖታ ከሚያነቡ ሙዚቀኞች ጋር ሲለማመድ ሰዓትና ምት ያጠናል፤ ሙዚቀኛውም ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ከተዋናዩ ይማራል።

አሁን ወደ ስክሪኑ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ካሜራ ፊት የሚቆም ሰው ከየት ይምጣ? ከመድረክ። አባባ ተስፋዬ የልጆችን ዝግጅት ይዘው ገቡና እስከ 1998 ዓ.ም. ቆዩ፤ ከ40 ዓመት በላይ! «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» የሚለው ሰላምታቸው ከጥቁርና ነጩ ዘመን እስከ ባለቀለሙ፣ ከንጉሡ እስከ ደርግ፣ ከደርግ እስከ ኢሕአዴግ ሳይለወጥ ተሻገረ። ሦስት መንግሥት ያየ አንድ የልጆች ዝግጅት! ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሱላቸው አያቶችም የልጅ ልጆችም ነበሩ።

የሥራው ምሥጢር የሚገባን መድረክና ካሜራ ከተዋናዩ የሚጠይቁትን ስናነጻጽር ነው። መድረክ ላይ ድምፅ የመጨረሻው ወንበር መድረስ አለበት፤ እጅ ከትከሻ ይነሳል፣ ሐዘን በጀርባም መታየት አለበት። ካሜራ ግን አጠገባችሁ ነው። ቅንድብ ትንሽ ከፍ ቢል ስክሪኑን ይሞላዋል። ከመድረክ የመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ካሜራ ፊት ሲጮህ የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ የለመደው ርቀት ሌላ ስለሆነ ነው። አባባ ተስፋዬ ያደረጉት ብልህነት ርቀቱን ማሳጠር ነበር። ልጆቹን አጠገባቸው አስቀምጠው ለእነሱ ይተርካሉ፤ ካሜራው እንደ አንድ ተጨማሪ ልጅ ጥግ ይዞ ያዳምጣል። ዘፋኝ ከመጮህ ወደ ማንጎራጎር ሲወርድ የሚያደርገው ነገር ነው።

ቴሌቪዥኑ በጀመረበት በዚያው ዘመን ሲኒማም ተዋንያንን ይጠራ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. አካባቢ ተሠራ። ደበበ እሸቱም ከመድረክ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ተጫወተ። ከፊሉ እዚሁ ሀገራችን የተቀረጸ የሆሊውድ ፊልም ነው። ግን ያን ጊዜ ፊልም ለተዋናይ አልፎ አልፎ የሚመጣ ዕድል እንጂ እንጀራ አልነበረም።

እንጀራ የሆነው በቪዲዮ ካሜራ ነው፤ ቦሌም ወደ ታሪኩ በደንብ የገባችው እዚህ ላይ ነው። የፊልም ሠሪው የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሲኒማ ቤት ሰልፍ ካሰለፈ በኋላ ፊልም በየሳምንቱ ይወጣ ጀመር። በአትሌቱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሕንፃ ላይ የተከፈተው ዓለም ሲኒማና ኤድና ሞል ውስጥ የተከፈተው ማቲ የምሥራቁን ወጣት ሳቡት። ቀረጻውም ተከተለ፤ የቦሌ ቪላዎች፣ የቦሌ ካፌዎች፣ የገርጂና የሲኤምሲ ግቢዎች በፊልም ላይ እስኪሰለቹ ታዩ። ተዋናዩ ግን ቅዳሜና እሑድ ለመድረክ ወደ ምዕራብ ይመለሳል። የቴአትር ቤቶቹ ተዋንያን የመንግሥት ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ወር ጠብቆ ይመጣል። ፊልሙ፣ ተከታታይ ድራማው፣ ማስታወቂያው ደግሞ ሲገኝ ብቻ የሚከፍል ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት ቀረጻ፣ ማታ መድረክ ይሆናል፤ በመሃል የአዲስ አበባን የመንገድ መጨናነቅ ጨምሩበት። አበበ ባልቻ በተከታታይ ድራማው «ሰው ለሰው» አስናቀን ሆኖ ሀገር ሲያነጋግር፣ ሜሮን ጌትነት ከቴአትርና ከግጥም መድረክ ተነስታ በ«ዳና»፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት ባገኘው «ድፍረት» መሪ ተዋናይ ስትሆን ያየነው ጥራት ከመድረክ የመጣ ነው።

አሁን ግን መንገዱ በተቃራኒውም ተከፍቷል። ዘሪቱ ከበደ በአልበሟ ታውቃ፣ ዘፋኝ ሆና ሳለ ወደ ፊልም ገባች፤ «ቀሚስ የለበስኩ ለት» ላይ አይታችኋት ይሆናል። ይህ ለፊልሙ ጥሩ ነው፤ ድምፅ የሚሰማ ጆሮ ያላት ሴት ቃልን አታባክንም። እኔን የሚያሳዝነኝ መሃል ላይ የቀረው ነው። ብሔራዊ ቴአትር ውስጥ ተዋናዩ፣ ባንዱ፣ የባህል ሙዚቃውና ውዝዋዜው አንድ ጣራ ሥር እያሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዘፈን የሚተረክ ተውኔት ለምን ብርቅ ሆነ? ሰው አልጠፋም። አለምፀሐይ ወዳጆን ተመልከቱ፦ ተዋናይ፣ ገጣሚ፣ ለስንት ድምፃዊ ግጥም የሰጠች፣ ዋሽንግተን ሄዳም ጣይቱ የባህል ማዕከልን መሥርታ እዚያ መድረክ የዘረጋች። እንደሷ ያለ ሰው ግጥሙንም ተውኔቱንም በአንድ ብዕር ይጽፈዋል። የጎደለው ረጅም ልምምድ የሚችል ገንዘብና እምነት ነው፤ ሃምሳ ሰው ለወራት አንድ ሥራ ላይ ማቆየት ለፊልም ፕሮዲዩሰርም ለቴአትር ቤትም ይከብዳል።

ማየት ለምትፈልጉ፣ ከአስናቀች ጀምሩ። መስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ የሠራችው «አስኒ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል፤ መድረክ ላይ የጀመረችው ሴት በመጨረሻ ስክሪኑን ብቻዋን ይዛዋለች። ከዚያ እ.ኤ.አ. የ1975ቱን አልበሟን አዳምጡ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ለገሃር ወርዳችሁ ብሔራዊ ግቡ። በሳምንቱ ደግሞ ቦሌ ፊልም እንይ። ማን የመድረክ ልጅ እንደሆነ ከድምፁ ለመለየት እንወራረዳለን፤ የተሸነፈ ትኬት ይቆርጣል።