ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ጠባዩ ሲለወጥ ምን እናድርግ?

በዚህ እትማችን ኦቲዝም ያለባቸው ትንንሽ ልጆች በስደት ኑሮ ውስጥ ስለሚያድርባቸው ጭንቀትና ፍርሃት፣ ወላጆችም ሊያደርጉት ስለሚገባ ነገር እንገልጻለን።

ለመሆኑ ኦቲዝም ምንድን ነው? ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ ሁኔታ ነው። ልጁ አፉን ለመፍታት ሊዘገይ፣ ስሙ ሲጠራ ላይዞር፣ ሰውን ዓይን ለዓይን ላያይ ይችላል። አንድን ነገር ደጋግሞ ይሠራል፤ ጫጫታም ሊረብሸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። ኦቲዝም እርግማን ወይም ቡዳ አይደለም። በክትባት አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

በአገራችን ጉዳዩ በአደባባይ እንዲነገር ካደረጉት አንዷ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወ/ሮ ዘሚ፣ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ከሰው ዓይን ደብቆ ያሳድግ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ለእነዚህ ልጆች ደክመዋል።

ኦቲዝም ራሱ የአእምሮ ሕመም አይደለም። ሆኖም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እንደማንኛውም ልጅ ይፈራል፣ ያዝናል፤ ጭንቀት ደግሞ ከሌሎች ልጆች ይልቅ ይበረታበታል። አንዳንዶቹ በቃል መናገር ስለማይችሉ የሚነግሩን በጠባያቸው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የለመደውን ቤት፣ ምግብና የቀን ውሎ አጥብቆ ይፈልጋል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሞያሌ በሰላማዊ ሰዎች ላይ በተከፈተው ተኩስ ምክንያት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያ ሞያሌ ሲሸሹ እንደታየው፣ ስደት ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያሳጣል።

ስለዚህ ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ ይበላ የነበረውን ምግብ ከተወ፣ ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት ካቆመ፣ ራሱን መምታት ወይም መንከስ ከጀመረ፣ «ያው ጠባዩ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። የተለወጠ ነገር ካለ ምክንያት አለው ማለት ነው። ወላጆች የሚከተለውን እንዲያደርጉ እንመክራለን።

1ኛ/ በመጀመሪያ ልጁን ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። የጆሮ ወይም የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት ወይም ወባ ይዞት መናገር አቅቶት ሊሆን ይችላል። የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ወይም ቃላት ከጠፉበት አትዘግዩ። ለጤና ሠራተኛው ምን እንደተለወጠና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ንገሩ።

2ኛ/ የመብላት፣ የመታጠብና የመኝታ ሰዓቱን በየቀኑ አንድ ዓይነት አድርጉት። የለመደውን ጨርቅ ወይም ኩባያ አትቀይሩበት።

3ኛ/ ወደ ራሽን ወረፋ ስትሄዱ ከተቻለ ከሚያውቀው ሰው ጋር ተዉት። ጫጫታ ሲበዛበት ጸጥ ወዳለ ጥላ ውሰዱት።

4ኛ/ አትምቱት፤ በገመድም አትሰሩት። እንዳይጠፋባቸው ፈርተው የሚያስሩ ወላጆች አሉ፤ ስጋታቸው ይገባናል። ነገር ግን ማሰር ፍርሃቱን ያባብሳል፣ አካሉንም ይጎዳል። ስሙንና የሠፈራችሁን ስም ጽፋችሁ ልብሱ ላይ ስፉለት፤ ለጎረቤቶች አሳውቁ፤ በተራ ተጠባበቁ።

5ኛ/ ጸበልም ሆነ ዱዓ ከሕክምና ጋር አይጋጭም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፤ የታዘዘ መድኃኒት ግን ማቋረጥ አይገባም። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት አለኝ ለሚል ሰው ገንዘብ አትክፈሉ፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም።

ሐኪም ቤቱ የአእምሮ ስፔሻሊስት የለውም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት የአእምሮ ጤና መመሪያ የተዘጋጀው በስደትና በአደጋ ሥፍራ ለሚሠሩ፣ ስፔሻሊስት ላልሆኑ ጤና ሠራተኞች ነው።

በመጨረሻም ለጎረቤቶች አንድ ነገር እናሳስባለን። እንዲህ ያለውን ልጅ ቀንና ሌሊት የምትጠብቅ እናት ትደክማለች። በእርሷ ላይ ከማሾክሾክ ይልቅ ለአንድ ሰዓት ልጁን ጠብቆ እንድታርፍ ማድረግ ለእናትም ለልጅም ትልቅ እርዳታ ነው።