የተቃወመው እጅ የማን ነበር?

ሥራዬ ቃለ ጉባዔ መያዝ ነው። ውርጌሳ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲወስን፣ ማኅበርም ይሁን ምክር ቤት፣ ብዙ ጊዜ እስክሪብቶው እኔ ዘንድ ነው። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለውን ዓይኔን ጨፍኜም እጽፈዋለሁ። ሰብሳቢው «የሚቃወም?» ሲል ዞር ብሎ ጎረቤቱን የሚያይ አለ፤ «ድምፀ ተአቅቦ?» ሲል መነጽሩን የሚጠርግ አለ። ክርክሩ የሚጀመረው ስብሰባው ተበትኖ ሻይ ቤት ከተደረሰ በኋላ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደሆነ ይደነግጋል። ፓርቲ የሚል ቃል የለበትም። ቀጣዩ ንዑስ አንቀጽ ደግሞ አባሉ በሰጠው ድምፅ እንዳይከሰስና አስተዳደራዊ እርምጃ እንዳይወሰድበት ይከለክላል። ከለላው ግን የፓርቲ ግምገማ በር ላይ ሲደርስ ያበቃል። ለሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ የሚያቀርበው ፓርቲው ነዋ!

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች አሰፋ፤ መደፈር፣ የእናት ሕይወትና ጤና፣ ለአካለ መጠን አለመድረስ ይገኙበታል። በዚያ ምክር ቤት የተቀመጡት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ደጃፍ ያደጉ ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ኅሊና ይዘው አልመጡም። የኢሕአዴግ ዲሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ግን ልዩነቱ ውስጥ እንዲያልቅ፣ ውጭ አንድ ድምፅ እንዲሰማ ያዝዝ ነበር። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፤ የሚቆጨኝ፣ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ለመራጩ ምክንያቱን ሳይናገር መቅረቱ ነው።

መከፋፈሉ ገሃድ የወጣው በሌላ ጉዳይ ነው፤ የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም፣ በዓድዋ በዓል ዕለት። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲቀርብ መቀመጫው በሙሉ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ 88 ሰው ተቃወመ፣ 7 ድምፁን አቀበ። ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይታሰር ወይስ አይታሰር የሚል ጥያቄ የኅሊና ጉዳይ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል? አዋጁን ለማጽደቅ የሚያስፈልገው፣ ከ547 መቀመጫ ሁለት ሦስተኛው፣ 365 ነው። የደጋፊው ቁጥር መጀመሪያ 346 ተብሎ ተነገረ፤ ኋላ 395 ተብሎ ታረመ። እንደ ቃለ ጉባዔ ጸሐፊ ይህ ያመኛል። ስም እየተጠራ ድምፅ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ የ49 ሰው ልዩነት ከየት ይመጣል? የ88ቱም ስም ከቁጥራቸው ጋር በተመዘገበ ነበር።

ፓርቲ ባይኖር ኅሊና ይነግሣል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በንጉሡ ዘመን ፓርላማ ፓርቲ አልነበረም፤ የመንግሥት ተጠሪ እየዞረ የሚቆጥረው ድምፅም አልነበረም። የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ረቂቅ ሕግ ግን ዓመታት ተንከባሎ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ባለመሬቶቹ ያለ ፓርቲ ትእዛዝም አንድ ሆነው ቆሙ። በ1965 እና 66 የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲያልቅ ረቂቁ ገና ረቂቅ ነበር። ጭሰኝነትን የሻረው የደርግ አዋጅ ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም።

እንግሊዞች በሞት ቅጣትና በጽንስ ማቋረጥ ላይ የፓርቲውን ልጓም ያላላሉ፤ የ1967ቱ (እ.ኤ.አ.) የጽንስ ማቋረጥ ሕጋቸው የወጣው እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ መላላቱ ብቻ ነው። እዚያ ግን ማን ለምን ድምፅ እንደሰጠ በስም ታትሞ ይወጣል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ስሙን እመርጣለሁ። ልጓሙ ላልቶ ስም ካልተመዘገበ፣ ተመራጩ ከፓርቲው አምልጦ ከመራጩም ያመልጣል። ስሙ ከተመዘገበ ግን የወረዳችን የሐብሩ ተመራጭ መርሳ ገበያ ላይ «ለምን እንዲህ አልክ?» ተብሎ ይያዛል፤ «ፓርቲዬ አዞኝ ነው» ብሎ ይመልስ እንደሆነም እዚያው እናየዋለን።