በሰው ማሳ መካከል የሚያልፍ መብት

በእንግሊዝ ገጠር ቅዳሜና እሑድ ባልና ሚስት ከሁለት ሦስት ወዳጆቻቸው ጋር፣ በጀርባቸው ትንሽ ሻንጣ አዝለው፣ ወገብ የደረሰ የስንዴ ማሳ መሃል ለመሃል ሰንጥቀው ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ማሳው የእነሱ አይደለም። ባለቤቱን አያውቁትም፤ ፈቃድም አልጠየቁትም። ገበሬው ቢያያቸውም አይከለክላቸውም፤ ልከልክል ቢልም አይችልም። የሚረግጧት ቀጭን መንገድ በሕግ የሕዝብ ናት።

እንዲህ ያሉት መንገዶች፣ ለፈረስ የተፈቀዱትን ጨምሮ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ተቀጣጥለው ቢለኩ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ። አብዛኞቹን ሰው ለሽርሽር ብሎ አላወጣቸውም። ገበሬው ወደ ገበያ፣ ምእመኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ እህል የጫነው ወደ ወፍጮ ሲመላለስባቸው የተገኙ ናቸው። ዛሬም አንዱን ይዞ የሚጓዝ ሰው ከአንድ መንደር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተነሥቶ የሌላው መንደር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ብቅ ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው።

መሬቱ የግል፣ መተላለፊያው የሁሉ ነው። የ1949 ሕግ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአካባቢ አስተዳደሮች መንገዶቹን በካርታ እንዲመዘግቡ አዘዘ። በዚያ ካርታ ላይ የሰፈረ መንገድ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ባለመሬቱ ሊዘጋው አይችልም። ማሳ አቋርጦ የሚያልፈውን መንገድ ለዘር ሲል ቢያርሰው እንኳ በ14 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መሄጃ መልሶ ማበጀት ግዴታው ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ድንጋጌ ነው፦ ሰዎች በአንድ መሬት ላይ ሳይደበቁ፣ ሳያስገድዱ፣ ፈቃድም ሳይለምኑ 20 ዓመት ሳይቋረጥ ከተመላለሱበት፣ ባለቤቱ መንገዱን የመስጠት ሐሳብ እንዳልነበረው ካላሳየ በቀር፣ መንገዱ ለሕዝብ እንደተሰጠ ይቆጠራል። ስለዚህ ተራ እግረኛ፣ መሄዱን ባለማቋረጡ ብቻ፣ ሕጋዊ መብት ያቆማል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በሰላም የተገኘ አይደለም። በማንችስተርና በሼፊልድ መካከል ኪንደር ስካውት የሚባል፣ ከፍታው 636 ሜትር የሆነ ደጋ አለ። በ1930ዎቹ የፋብሪካ ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው ንጹሕ አየር ፍለጋ ወደዚያ ሲወጡ ዘበኞች ይመልሷቸው ነበር፤ መሬቱ ባለጸጎች የዱር ወፍ የሚያድኑበት ነበርና። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሄይፊልድ ከተባለች መንደር ተነሥተው በአንድነት ወጡ። ከዘበኞቹ ጋር ግብግብ ተፈጠረ። ስድስት ሰዎች ተያዙ፤ አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው መካኒኩ ቤኒ ሮትማን በዚያ ጊዜ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር፤ አራት ወር ታሰረ። ኪንደር ስካውትን የሚያቅፈው ፒክ ዲስትሪክት በ1951 የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ከመንገድ አልፎ በካርታ በተለዩ ተራሮችና ሜዳማ ደጋዎች ላይ እንደ ልብ መዘዋወርን ፈቀደ። በ2002 የያኔው ባለርስት የልጅ ልጅ፣ የዴቮንሻየሩ መስፍን፣ ቤተሰቡ ስላደረገው ነገር በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ።

ወደ ጓደኛሞቹ ልመለስ። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ዞሮ የሚገጥም ነው፤ ከተነሡበት ይመለሳሉ። ከባልና ሚስቱ አንዱ ካርታውን ይይዛል፤ ለእግረኛ የሚበጀው ብርቱካናማ ሽፋን ያለው፣ አራት ሳንቲ ሜትሩ አንድ ኪሎ ሜትር የሚወክለው የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ ነው። መሬት ላይ ደግሞ ግንድ ወይም በር ላይ የተመታ ቢጫ ቀስት የእግረኛን መንገድ፣ ሰማያዊ ቀስት ፈረስና ብስክሌትም የሚያልፉበትን ያመለክታል። ጊዜውን ለመገመት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 ያወጣው ስሌት እስካሁን ያገለግላል፦ ለአምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት መጨመር።

በጋራ መጓዝ የራሱ ወግ አለው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ነው የሚጨዋወተው። አጥር ጋ ሲደረስ አንድ በአንድ በእንጨት መወጣጫ መሻገር የግድ ነው፤ ከተሻገሩ በኋላ ጥንዱ ይቀያየራል፤ ከሚስቲቱ ጋር ስታወጋ የነበረችው ጓደኛ አሁን ከባልየው ጋር ትሆናለች። እስከ ማታ ሁሉም ከሁሉም ጋር ያወጋል። እራት ግብዣ ላይ አጠገብህ ከተቀመጠው ሰው ሌላ ሳታናግር የምትወጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እዚህ ግን አጥሩ ራሱ ያቀያይራል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክራለሁ፦ ፊት የቀደሙት አረፍ ብለው የኋለኛውን ከጠበቁ በኋላ ልክ እሱ ሲደርስ ተነሥተው መሄድ የለባቸውም። እረፍቱ ከሁሉ ይልቅ ለእሱ ይገባዋል።

ምሳ በፔርሙዝ ሻይና በሳንዱች፣ ወይም መንገድ ላይ ባለ የገጠር መጠጥ ቤት ይሆናል፤ ጭቃ የነካው ጫማ ደጅ ይወልቃል። በር እንደተገኘ ይተዋል፤ ክፍት ከነበረ ክፍት፣ ዝግ ከነበረ ዝግ። ጥጃ ያላቸው ላሞች ካሉ ራቅ ብሎ ማለፍ ነው። ውሻ ይዛችሁ ላሞቹ ቢያባርሯችሁ ውሻውን ልቀቁት፤ እሱ ሮጦ ያመልጣል። ተራራ ላይ ሰው ቢጎዳ 999 ደውሎ ፖሊስ፣ ከዚያም የተራራ ነፍስ አድን ቡድን መጠየቅ ነው። የቡድኑ አባላት ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስልክ ካልሠራ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ፊሽካ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ መድገም።

ለንደን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህ መብት የእናንተም ነው፤ ለመሄድ አባልነትም ክፍያም አያስፈልግም። ባለትዳሮች ከሆናችሁ ወዳጆቻችሁን ጥሩና ከቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዛችሁ ቦክስ ሂልና ዌስትሀምብል በሚባለው ጣቢያ ውረዱ። ከጣቢያው ብዙም ሳትርቁ የሞል ወንዝን በድንጋይ ላይ እየተረማመዳችሁ ትሻገራላችሁ፤ ከዚያ አቀበቱ ይጀምራል። ወንዙ ሞልቶ ድንጋዮቹን ከሸፈናቸው በቅርብ የእግረኛ ድልድይ አለ።